ፊት እንዲታይ፦ ለጀማሪ ፎቶግራፍ አንሺዎች ስለ ካሜራና ስለ ብርሃን አለካክ

(ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ከየአጥቢያው ለተወከሉ ምእመናን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ካሜራ እንድንነጋገር ስንጋብዛችሁ ከመካከላችሁ አንዳንዶች፣ «እኛ የውሃ ሠራተኞች፣ የጤና ረዳቶችና የመዘምራን አስተባባሪዎች ነን፤ ፎቶግራፍ ማንሣት የባለ ሙያ ሥራ አይደለምን?» ብላችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የቦኖው ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈስ፣ ዘር ሲታደል፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሲመታ በቦታው የምትገኙት እናንተ ናችሁ። ባለ ሙያው በዚያ ሰዓት ሩቅ ነው። ካሜራው ወይም የእጅ ስልኩ ያለው በእናንተ እጅ ነው።

ከየሥራው ቦታ የሚላኩትን ፎቶግራፎች ስናገላብጥ አንድ ችግር ደጋግሞ ይታያል። ሰማዩ በሚገባ ወጥቷል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ያብረቀርቃል፤ የእናቲቱ ነጭ ነጠላ ከነጥለቱ ይታያል። ፊቷ ግን ጥቁር ጥላ ሆኗል። ዓይኗ የት እንዳለ አይታወቅም። ፎቶግራፉ የደረሳቸው ሰዎች ከሥሩ የተጻፈውን ስሟን ያነባሉ እንጂ እሷን አያዩአትም።

ይህ የሚሆነው ካሜራው ስለ ተበላሸ አይደለም። ካሜራ ብርሃንን ይለካል እንጂ ሰውን አያውቅም። ከፊቱ ያለው ሰማይ ይሁን፣ ነጠላ ይሁን፣ የሰው ፊት ይሁን፣ ለካሜራው ሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ መካከል የትኛው በትክክል ይታይ ብሎ መወሰን የአንሺው ድርሻ ነው። ዛሬ የምንማረው ይህን ውሳኔ እንዴት ለካሜራው እንደምንነግረው ነው።

ብርሃንና እንጀራ

በፎቶግራፍ ሥራ ኤክስፖዠር የሚባለው ፊልሙ፣ ወይም በዲጂታል ካሜራ ሴንሰሩ፣ የሚያገኘው የብርሃን መጠን ነው። ነገሩን ለመረዳት እንጀራ የምትጋግር እናትን እናስብ። ሦስት ነገሮችን አስተባብራ ትሠራለች፦ የእሳቱን ኃይል፣ አክንባሎው ተከድኖ የሚቆይበትን ጊዜና የሊጡን ቅጥነት። እሳቱ ሲበረታ ጊዜውን ታሳጥራለች፤ እሳቱ ሲደክም ታስረዝማለች። ሊጡ ቀጠን ያለ እንደሆነ ቶሎ ይበስላል። ከሦስቱ አንዱን ስትለውጥ ሌላውን ካላስተካከለች እንጀራው ወይ ጥሬ ይሆናል፣ ወይ ያርራል።

ካሜራም ሦስት መቆጣጠሪያዎች አሉት። የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት እንደ እሳቱ ኃይል ነው። መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ እንደ አክንባሎው ጊዜ ነው። ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ ብርሃንን የሚቀበልበት ፍጥነት እንደ ሊጡ ቅጥነት ነው። እነዚህን ሦስቱን የጨበጠ ሰው ማንኛውንም ካሜራ ይዞ መሥራት ይችላል።

የመጀመሪያው፦ የሌንሱ ቀዳዳ

ይህ አፐርቸር ይባላል። በሌንሱ ላይ ወይም በመስኮቱ ላይ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 የሚሉ ቁጥሮች ይነበባሉ። ጀማሪውን የሚያደናግረው ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው መስፋቱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቁጥሩ የሚገኘው የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለቀዳዳው ወርድ ሲካፈል ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ቁጥሩ 2 ይሆናል፤ ቀዳዳው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲጠብ ቁጥሩ 16 ይደርሳል። ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ከፍ ባልን ቁጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ይህ አንድ እርምጃ ስቶፕ ይባላል።

ቀዳዳው ከብርሃን ሌላ አንድ ነገር ይወስናል። ሲሰፋ፣ ያተኮርንበት ሰው ጠርቶ ከፊቱና ከኋላው ያለው ይደበዝዛል። ሲጠብ፣ ቅርቡም ሩቁም አብሮ ይጠራል። ስለዚህ የአንዲት እናትን ፊት ለይተን ለማሳየት 2.8 ወይም 4 ይስማማል። በሦስት ረድፍ የቆመ መዘምራን ሲነሣ ግን የኋለኛው ረድፍ እንዳይደበዝዝ 8 እንጠቀማለን።

ሁለተኛው፦ የመዝጊያው ጊዜ

ይህ ሻተር ይባላል። የሚለካው በሴኮንድ ክፍልፋይ ነው፦ 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250፣ 1/500። እዚህም አንዱ እርምጃ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሰዋል ወይም እጥፍ ያደርገዋል። ጊዜው ሲረዝም የእጃችን መንቀጥቀጥና የሰውዬው እንቅስቃሴ በፎቶግራፉ ላይ ይቀራል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእጅ ይዘን ስናነሣ ከ1/60 ባንወርድ መልካም ነው። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሆነ ከ1/250 አንውረድ። ልጆች በቦኖው ሥር ውሃ ሲረጫጩ ጠብታው በአየር ላይ እንዳለ እንዲታይ 1/500 ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፦ የብርሃን አቀባበል ፍጥነት

ይህ አይኤስኦ ይባላል። በፊልም ዘመን ኤኤስኤ ሲባል ታስታውሱታላችሁ። ቁጥሮቹ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1600 እያሉ በእጥፍ ይሄዳሉ። በጠራ ፀሐይ 100 ይበቃል። በጨለማ ቤት 1600 ያስፈልግ ይሆናል። ዋጋው ግን አለ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ፎቶግራፉ እንደ አሸዋ በጥቃቅን ነጠብጣብ ይሸፈናል። ሆኖም ነጠብጣብ ያለበት ነገር ግን ፊቱ የሚለይ ፎቶግራፍ፣ ንጹሕ ሆኖ ፊቱ ከደበዘዘው ይሻላል።

አሁን ሦስቱን እናገናኝ። አይኤስኦ ሳይለወጥ፣ ቀዳዳው 8 እና ጊዜው 1/125 ቢሆን፣ ቀዳዳው 5.6 እና ጊዜው 1/250 ከሆነው ጋር የብርሃኑ መጠን እኩል ነው። 11 ከ1/60 ጋርም እንዲሁ። እሳቱን ጨምረን ጊዜውን አሳጠርን፣ ወይም እሳቱን ቀንሰን ጊዜውን አስረዘምን ማለት ነው።

ላይት ሜትር ለሌለው ወይም ባትሪው ለደከመበት፣ በፊልም ዘመን በፊልሙ ማሸጊያ ላይ ይታተም የነበረውን ደንብ እንስጥ። በጠራ ፀሐይ ቀዳዳውን 16 ላይ፣ ጊዜውን ከአይኤስኦው ቁጥር ጋር ተቀራራቢ አድርጉ። አይኤስኦ 100 ከሆነ ጊዜው 1/125 ይሁን። ጊዜው ሳይለወጥ ስስ ደመና ሲሆን 11፣ ደመናው ሲበረታ 8፣ ሰማዩ ሲጠቁር 5.6፣ ሰውዬው በደጅ ጥላ ሥር ሲሆን 4። ይህን በደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት።

ካሜራው የሚሳሳትበት ምክንያት

«ካሜራው ራሱ ይለካል፤ እኛ ለምን እንደክማለን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይለካል። የሚለካው ግን በአንድ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ተደባልቆ ሲታይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል፤ ይኸውም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 ከመቶ ያህሉን የሚመልስ ቀለም ነው። በተራ ቦታ ግምቱ ይሠራል። ሰዎች ነጭ ለብሰው በሰፊ ሰማይ ሥር ሲቆሙ ግን ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ ፊቶቹ ይጨልማሉ።

ስለዚህ ሥራው ከምናስበው ተቃራኒ ነው። ነጭ ሲበዛ ብርሃን እንጨምራለን እንጂ አንቀንስም። በብዙ ካሜራዎች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ። ከኋላ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ካለ፣ ቁልፉን ወደ መደመር አንድ ስቶፕ፣ ካልበቃም ሁለት እናዞራለን። በሌላ በኩል ጠይም ፊት ብቻውን ፍሬሙን ሲሞላ ካሜራው ወደ ግራጫ ሊያነጣው ይሞክራል። ያን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ እንቀንሳለን። ያው አንድ ሰው፣ በአንዱ ፎቶግራፍ የጨለመ፣ በሌላው የገረጣ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ዘዴ አለ። መዳፋችሁን ሰውዬው ባለበት ብርሃን ውስጥ ዘርግታችሁ ፍሬሙን እስኪሞላ ቀርባችሁ ለኩት። በብዙ ሰው ዘንድ መዳፍ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ ያህል ይነጣል፤ ስለዚህ ካሜራው ከነገራችሁ ላይ አንድ ስቶፕ ጨምሩ። በእጅ ስልክ የምታነሡ ደግሞ በመስኮቱ ላይ የሰውዬውን ፊት በጣት ንኩ። በብዙዎቹ ስልኮች ከጎኑ የፀሐይ ምልክት ይወጣል፤ ወደ ላይ ስትስቡት ፊቱ ይበራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የስልኩን መስተዋት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ።

የእኛ መልክ በፎቶግራፍ ላይ መጨለሙ ከብርሃኑ ብቻ የመጣ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። በፊልም ዘመን የፎቶ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ኮዳክ ኩባንያ በሚልከው ማመሳከሪያ ካርድ ነበር። ሸርሊ ካርድ በሚባለው በዚህ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች። ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች ያሉበትን ካርድ ኩባንያው ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ጉግልም ጠይም መልክን በትክክል ለማሳየት ያሰናዳውን ዘዴ በፒክስል 6 ስልኩ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። መሣሪያው ተሻሽሏል፤ ቢሆንም የአንሺውን ዓይን አይተካም።

የፀሐይ ሰዓት

አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ3 እና በ15 ዲግሪ መካከል ስለምትገኝ ፀሐይ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ታልፋለች። በሌላውም ጊዜ ቢሆን በቀትር ከፍ ብላ ትውላለች። ከአናት የሚወርድ ብርሃን ግንባርንና አፍንጫን ያበራል፤ ዓይንን ግን በጥላ ይሞላል። ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ካለ ይብሳል። በፀሐይ ላይ ባለው ነጠላና በጥላ ውስጥ ባለው ፊት መካከል የአራት ስቶፕ ልዩነት ሊኖር ይችላል። አራት ስቶፕ ማለት 16 እጥፍ ብርሃን ማለት ነው። ነጠላውንና ፊቱን እኩል አሳምሮ ማውጣት በዚያ ሰዓት አስቸጋሪ ነው።

የተቻለ እንደሆነ ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እናንሣ። የምረቃው በዓል በቀትር ከሆነና ልንለውጠው ካልቻልን፣ ሰዎቹን ወደ ዋርካው ወይም ወደ ሕንፃው ጥላ እንጋብዛቸው። ፊታቸውም ልብሳቸውም በአንድ ጥላ ውስጥ ሲሆን ልዩነቱ ይጠፋል። ጥላው ሙሉ ይሁን፤ በቅጠል መካከል የሚወርድ ብርሃን ፊትን ያዥጎረጉራል። ጥላ ከሌለ አንድ ጓደኛ ነጭ አንሶላ በሰውዬው ደረት ትይዩ ዝቅ አድርጎ ይያዝ። ከአንሶላው የሚመለሰው ብርሃን ወደ ዓይን ይገባል።

ሁለቱንም ማዳን ካልቻልን የቱን እንምረጥ? ያረረ እንጀራ ወደ ሊጥነቱ አይመለስም። በዲጂታል ፎቶግራፍም ፈጽሞ ነጭ ሆኖ የጠፋ ነገር በኋላ አይገኝም፤ ትንሽ የጨለመ ግን በመጠኑ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ ፊት እንዳያርር እንጠንቀቅ። ነገር ግን ሰማይ ቢያርር ፊት ይትረፍ። ሰማይ ነገም አለ።

በቤት ውስጥና በአዳራሽ

በጎጆ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው መብራት በሩ ነው። እማማ ከበሩ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ይቀመጡ። አንሺው ብርሃኑን እንዳይጋርድ ከበሩ ወደ ጎን ይቁም። አይኤስኦ 800፣ ቀዳዳ 4፣ ጊዜ 1/60 አድርጎ ይጀምር፤ ውጤቱን አይቶ ያስተካክል። በሩ ከኋላቸው እንዲሆን ካስቀመጥናቸው ግን የሚወጣው ጥላቸው ብቻ ነው።

በአዳራሽ ውስጥ ችግሩ ከመድረኩ በስተ ኋላ ያለው መስኮት ነው። ከመካከል ሳይሆን ከጎን ሆነን ብናነሣ መስኮቱ ከፍሬሙ ይወጣል። አይኤስኦ 1600፣ ቀዳዳ 2.8፣ ጊዜ 1/125 ጥሩ መነሻ ነው። ከኋላ ወንበር ሆኖ ፍላሽ ማብራት ግን ጥቅም የለውም። የፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በ3 ሜትር ላይ የነበረው ኃይል በ12 ሜትር ላይ 1/16 ብቻ ይቀራል። የሚበራው የፊተኛው ሰው ማጅራት ነው፤ ጉባኤውም ይረበሻል።

በመስኮቱ ላይ የምናየው ምስልም ያታልላል። በፀሐይ ላይ ሲታይ የጨለመ፣ በቤት ውስጥ ሲታይ የበራ ይመስላል። በባርኔጣ ከልላችሁ ተመልከቱ። ካሜራችሁ ሂስቶግራም የሚባለውን ሥዕል የሚያሳይ ከሆነ፣ ጉብታው ቀኝ ጠርዝ ላይ ተጠግቶ ከተከመረ የሚያርር አለ፤ ግራ ጠርዝ ላይ ከተከመረ የሚጨልም አለ ማለት ነው።

የብርሃን ልክና እውነት

ፎቶግራፍ ለእርዳታ ሥራ ምን ያህል ኃይል እንዳለው አገራችን ታውቃለች። ኬንያዊው የካሜራ ባለ ሙያ ሞሐመድ አሚን ከቢቢሲው ዘጋቢ ከማይክል በርክ ጋር በኮረም ያነሣው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ሲታይ የብዙ አገር ሰው ለእርዳታ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ፣ የተቸገረን ሰው ከችግሩ በቀር ምንም እንደሌለው አድርጎ ማሳየት ተነቀፈ። ቀይ መስቀልና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ በአሥረኛው አንቀጹ፣ የአደጋ ተጎጂዎች በጽሑፍም ሆነ በምስል ክብር ያላቸው ሰዎች ሆነው እንዲቀርቡ ይጠይቃል።

ይህ ከብርሃን አለካክ ጋር ምን ያገናኘዋል? በእጅጉ ያገናኘዋል። በደንብ የተጠረገና የተለቀለቀ ቤት፣ በመደብ ላይ የተደረደረ ሲኒ፣ የምትስቅ ባለቤት፣ ብርሃኑ ሁለት ስቶፕ ቢያንስ የመከራ ዋሻ መስሎ ይወጣል። አንሺው አንድም ቃል ሳይዋሽ ፎቶግራፉ ዋሽቷል። አብልጦ ማብራትም እንዲሁ ነው፤ የተሰነጠቀውን መሬትና የደረቀውን ማሳ አንጥቶ ያስረሳል። ትክክለኛ የብርሃን ልክ ማለት በዚያ ቆሞ የነበረ ሰው ያየውን ያህል ማሳየት ነው።

የቤት ሥራ

እነሆ ከመለያየታችን በፊት የአንድ ከሰዓት ሥራ እንስጣችሁ።

አንደኛ፣ ካሜራውን በእጅ አሠራር ላይ አድርጉ። ጓደኛችሁን በበር አጠገብ አስቀምጡ። አይኤስኦ 400፣ ቀዳዳ 5.6 ሳይለወጥ፣ ጊዜውን ብቻ ከ1/30 እስከ 1/500 እያፈራረቃችሁ አንሡ። ፊቱ በየትኛው ላይ እውነተኛ መልኩን እንዳገኘ ለዩ።

ሁለተኛ፣ ያ ጓደኛ በደጅ ጥላ ሥር ይራመድ። 4 ከ1/250፣ 8 ከ1/60፣ 16 ከ1/15 ጋር አድርጋችሁ አንሡት። ብርሃኑ እኩል ነው፤ ጥራቱና እንቅስቃሴው ግን እንዴት እንደተለወጠ ተመልከቱ።

ሦስተኛ፣ ካሜራውን በራሱ እንዲለካ ተዉት። ነጭ ነጠላ ብቻ ፍሬሙን ሞልቶ አንሡ፤ ቀጥሎም ጥቁር ካፖርት ብቻ አንሡ። ሁለቱም ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ካሜራው የሚያየውን እንደማያውቅ በዓይናችሁ ታረጋግጣላችሁ። በፊልም ዘመን ይህን ለመማር 36 ፎቶግራፍ ያለው አንድ ጥቅል ያልቅ ነበር። ዛሬ የሚያልቀው ባትሪ ብቻ ነው፤ ዲጂታል ካሜራውም የተጠቀማችሁበትን ቁጥር ከፎቶግራፉ ጋር መዝግቦ ያቆያል።

የፊቱ ባለቤት

ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። «እማማ፣ ፎቶ ባነሣዎ ይፈቅዱልኛል? ለእነ እገሌ እንልከዋለን» ማለት ብዙ ጊዜ አይወስድም። አይሆንም ካሉ አክብራችሁ ተዉት። ከፈቀዱ ደግሞ የተነሣውን አሳዩአቸው፤ ሲቻልም አሳትማችሁ መልሱላቸው።

ላይት ሜትሩ ቁጥር ይነግረናል፤ ሂስቶግራሙ ጉብታ ያሳየናል። ፎቶግራፉ ትክክል መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት ግን የፊቱ ባለቤት ናቸው። ፎቶግራፉን ተቀብለው፣ ወደ ብርሃን አዙረው፣ «አዎን፣ እኔ ነኝ» ካሉ ብርሃኑ በልኩ ነበር። «ይህ ማን ነው?» ብለው ከጠየቁ፣ ቀዳዳውን አንድ ስቶፕ ከፍተን፣ ፈቃዳቸውን ዳግመኛ ጠይቀን እናንሣቸው።

አሁን ካሜራችሁን ይዛችሁ ወደ በሩ እንሂድ፤ ሰዓቱ ወደ 10 ተጠግቷል፤ ብርሃኑም ለፊት የሚስማማበት ጊዜ ነው።